ከአፕዴት በኋላ ዋይፋይ ጠፋ፣ «ካርዱ ተቃጥሏል» ተባልኩ (ደሴ)

የፒያሳዋ ኮፒ ቤት
ሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የኮፒና የጽሕፈት ሱቅ አለችኝ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ኮፒ ማሽን፣ በቃ። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 ነበር፣ እሱ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ድጋፉ አበቃ ሲባል ሰምቼ ስፈራ ከርሜ ቅዳሜ ማታ ሱቅ ዘግቼ ወደ 11 አሳደግኩት፣ ዳታ እንዳይበላብኝ የሌሊት ፓኬጅ ገዝቼ ማለት ነው። ሲያወርድ ሲጭን አድሮ ጠዋት ሲነሳ ሁሉም ነገር ቆንጆ ነው፣ ፋይሎቼ አሉ፣ ፕሪንተሩ በኬብል ያትማል፣ ዋይፋይ ግን የለም። ደካማ ነው ወይ ይቆራረጣል አላልኩም፣ የለም። ከታች በቀኝ በኩል ምልክቱ የነበረበት ቦታ ላይ የሉል ስዕል ብቻ ቁጭ ብሏል።

እንደምታውቁት የኛ ስራ ዛሬ በቴሌግራም ነው፣ ተማሪው ፋይሉን ይልክልኛል፣ እስኪመጣ አትሜ አስቀምጥለታለሁ። አሁን «በፍላሽ አምጡ» ብዬ በር ላይ ለጥፌ የሚመጣው ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ነው፣ ፎልደሩ በሙሉ ሾርትከት ሆኖ ነው የሚከፈተው።

ዛሬ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት፣ ልጁ አምስት ደቂቃ አየት አየት አድርጎ «ካርዱ ተቃጥሏል፣ በ2,500 ብር አዲስ እናስገባለን» አለ። ወላሂ ልከፍል ነበር፣ ግን ማታ ደህና የነበረ ነገር ተኝቶ እንዴት ይቃጠላል ብዬ ይዤው ተመለስኩ። ምን ትሉኛላችሁ?

አብሽር ብቻ
ሰኞ ማታ 2፡58

አብሽር ወንድሜ የተለመደ ነገር ነው። ስታርት ላይ ቀኝ ክሊክ አድርግ፣ ዲቫይስ ማኔጀር ግባ፣ ኔትወርክ አዳፕተርስ የሚለውን ክፈተው፣ ዋይፋዩ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ አንኢንስቶል፣ ሪስታርት። ራሱ መልሶ ይጭነዋል። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው። እምቢ ካለህ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ድራይቨር የምትለው ታብ ላይ ሮል ባክ አለች፣ ወደ ድሮው ድራይቨር (ካርዱን የሚያሰራው ፕሮግራም) ትመልስሃለች።

ጋሽ ሬዲዮ
ሰኞ ማታ 3፡10

ልጄ እኔ ዕድሜዬን ሬዲዮና ቴፕ ስከፍት የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ኮምፒውተሩን ከልጆቼ ነው የለመድኩት። ዕቃ እምቢ ሲል ከሆዱ በፊት ማብሪያው ነው የሚታየው። የኔ አሮጌ ላፕቶፕ ጎኑ ላይ የምትንሸራተት ትንሽ ቁልፍ አለችው፣ ሁለት ቀን ዋይፋይ የለም ብዬ ስበሳጭ ከርሜ የልጅ ልጄ ናት በጥፍሯ ገፋ አድርጋ ያበራችው። እሱ ካልሆነ ደግሞ አጥፋው፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አውጣው፣ ከዛ ማብሪያውን ሰላሳ ሰከንድ ያህል ተጭነህ ያዘው። ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይፍሰስ። አንዳንዱ ካርድ ደንዝዞ ነው የሚቀር እንጂ አይሞትም።

ቦርከና ዳር
ሰኞ ማታ 3፡31

የጋሼን ሞክረው፣ ብር አይጠይቅ ጉዳት የለው። የአብሽርን ግን ቆይ። አንኢንስቶል ስትል አንዲት ትንሽ ሳጥን ትመጣለች፣ ድራይቨሩንም አብሬ ላጥፋ ወይ የምትል፣ እሷ ላይ ምልክት አድርገህ ኦኬ ካልክ ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተር ላይ ድራይቨሩን አጥፍተህ ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ፍለጋ ትዞራለህ። ውሃ ልቅዳ ብሎ እንስራውን ሰብሮ መሄድ ነው።

እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ ኔትወርክ ነው ስራዬ፣ ኬብል ስጎትት ነው የምውል። በዚህ ነገር የተማርኩት ቢኖር ከመገመት በፊት ኮዱን ማየት ነው። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዋይፋዩን ደብል ክሊክ አድርገው፣ ዲቫይስ ስታተስ የሚል ሳጥን ውስጥ በቅንፍ ኮድ ምናምን ይላል። 28 ከሆነ ድራይቨር ጭራሽ የለም። 10 ከሆነ ድራይቨር አለ ግን ካርዱን ማስነሳት አቅቶታል፣ የጋሼ ሰላሳ ሰከንድ አንዳንዴ የምትፈታው እሱን ነው። 45 ካለ ካርዱ አሁን አልተሰካም ነው የሚልህ። 52 ከሆነ የድራይቨሩን ፊርማ ማረጋገጥ አልቻለም። ያንተ የትኛው ነው?

ሌላ ደግሞ ዲቴይልስ የምትል ታብ አለች፣ እዛ ሃርድዌር አይዲ የሚለውን ምረጥና ቬን ከሚለው ቀጥሎ ያሉትን አራት ሆሄያት ጻፍልን። 8086 ካለ ኢንቴል ነው፣ 10ኢሲ ካለ ሪልቴክ ነው። ላፕቶፑ ላይ የተለጠፈው ስም አያታልልህ፣ አንድ ዓይነት ላፕቶፕ ሁለት ሶስት ዓይነት ካርድ ይዞ ይመጣል፣ ሰው ደግሞ በላፕቶፑ ስም ድራይቨር አውርዶ የማይሆነውን ይጭናል።

የፒያሳዋ ኮፒ ቤት
ማክሰኞ ጠዋት 3፡05

መጀመሪያ ወንድም ወንድም የምትሉኝ ሴት ነኝ ሃሃ። ችግር የለም ለምጄዋለሁ።

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ያሉኝን አደረግኩ፣ ቁልፍ የለውም፣ ሰላሳ ሰከንዱም ምንም አላመጣ። ዲቫይስ ማኔጀር ስገባ ዋይፋዩ በስሙ ተጽፎ አለ፣ ቢጫ ሶስት ማዕዘን ግን ተለጥፎበታል። ኮዱ እናንተ ከቆጠራችሁት ውስጥ የለም፣ 56 ነው የሚለው። ዊንዶውስ የዚህን ዕቃ የክላስ ኮንፊገሬሽን ገና እያዘጋጀ ነው የሚል ነገር ነው የተጻፈው፣ እያዘጋጀ ከሆነ ልጠብቀው ብዬ ሁለት ሰዓት ጠበቅኩት፣ ያው ነው። ቬኑ 10ኢሲ ነው። ሮል ባክ የምትለዋ ደብዝዛለች፣ አትነካም።

ያልነገርኳችሁም አለ። እሁድ ተስፋ ቆርጬ ከጎረቤት ሱቅ ዩኤስቢ ዋይፋይ በ950 ብር ገዛሁ፣ ጥፍር የምታክል ነገር ናት። ስሰካት መጀመሪያ ሲዲ መስላ መጣች፣ ውስጧ ያለውን ጫንኩት፣ እሷም ቢጫ። ከዛ የስልኬን ዳታ በቻርጀር ገመድ ላገናኘው ብዬ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ አበራሁ፣ እሱም ቢጫ። የነካሁት ሁሉ ቢጫ እየሆነ ነው። ዓይን ሳይበላኝ አልቀረም።

ቦርከና ዳር
ማክሰኞ ጠዋት 3፡22

ዓይን አይደለም እህቴ፣ መልሱን ራስሽ ነው ይዘሽ የመጣሽው።

ተመልከች፣ የላፕቶፑ ካርድ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ አዲሷ ዩኤስቢ ለምን እምቢ ትላለች? እሺ እሷም ብልሽት ናት እንበል፣ ስልክሽስ? ስልክ በገመድ ሲገናኝ ለኮምፒውተሩ እንደ አንድ ተጨማሪ ኔትወርክ ካርድ ነው የሚታየው፣ ከዋይፋዩ ጋር አንድም የሚጋሩት ሽቦ የለም። ሶስት የማይተዋወቁ ዕቃዎች ባንድ ቀን አይሞቱም። ሶስቱም 56 ካሉ (ሁለቱን እስኪ አረጋግጪልኝ) በሽታው ዕቃው ላይ ሳይሆን ሁሉም የሚያልፉበት በር ላይ ነው። ደግሞ የተቃጠለ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ሊስቱ ላይ ራሱ አይመጣም፣ ያንቺ በስሙ ተጠርቶ 10ኢሲ ነኝ እያለ ነው።

ዊንዶውስ አዲስ ኔትወርክ ካርድ ሲያይ ዝም ብሎ ስራ አይልም፣ ከፕሮቶኮሎቹ (ከመገናኛ ደንቦቹ) እና በላዩ ላይ ከተደረደሩ ማጣሪያዎች ጋር አንድ በአንድ ያስተሳስረዋል። እነዚህን ማጣሪያዎች አንቲቫይረስም ይጭናል፣ ቪፒኤንም (የተዘጋ ነገር ለመክፈት የምንጠቀምበት ፕሮግራም) ይጭናል። ከ10 ወደ 11 ሲሻገር ይሄ ማስተሳሰር እንደገና ከዜሮ ይሰራል፣ በዛን ጊዜ አንድ ያረጀ ማጣሪያ መሃል ላይ ቁጭ ብሎ አላሳልፍም ካለ ስርዓቱ «እያዘጋጀሁ ነው» እንዳለ ይቀራል። 56 ማለት ይሄ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከኋላው ያለው ደግሞ ቪፒኤን ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነው፣ ቪፒኤን አለሽ?

የፒያሳዋ ኮፒ ቤት
ማክሰኞ ጠዋት 3፡40

ሁለቱም 56 ናቸው፣ አሁን አየኋቸው።

ቪፒኤን የለኝም ልል ነበር ከዛ ትዝ አለኝ። በ2015 እነ ቴሌግራም የተዘጉ ጊዜ አንድ ደንበኛዬ ሁለት ጭኖልኝ ነበር፣ አንዱ ሲያስቸግር በሌላው እያልን። ከተከፈተ ወዲህ ነክቼውም አላውቅ። እነሱ ናቸው እንዲህ የሚያደርጉኝ?? ተኝተው እኮ ነው የከረሙት።

ቦርከና ዳር
ማክሰኞ ጠዋት 3፡47

ፕሮግራሙ ይተኛል፣ ማጣሪያው አይተኛም። እነሱ ናቸው ብዬ ግማሽ ክትፎ አስይዛለሁ።

አብሽር ብቻ
ማክሰኞ ጠዋት 4፡15

እህቴ ይቅርታ ስለ ወንድሙ። ሳልጠይቅ ዘልዬ ነው። ግን እውነቱን ለመናገር እኔ ብሆን ፎርማት ነበር የማደርገው፣ ሁለት ሰዓት ነው የሚፈጀው፣ ንጹህ ሆኖ ይነሳል፣ ማን በማጣሪያ ይጣላል።

ቦርከና ዳር
ማክሰኞ ጠዋት 4፡30

ፎርማት ይሰራል አልክድም፣ ግን የሱቅ ኮምፒውተር ነው ወንድም፣ የአማርኛ ኪቦርዱ፣ ፎንቱ፣ የኮፒ ማሽኑ ስካነር፣ የደንበኛ የማመልከቻና የውል ናሙና የተጠራቀመበት ዴስክቶፕ፣ ያንን መልሶ ማቋቋም ሁለት ሰዓት ሳይሆን ሁለት ሳምንት ነው። ኢንተርኔት ደግሞ የላትም። ከፎርማት በፊት እኮ ሌላም መመለሻ አለ፣ ካሳደገች አስር ቀን ስላልሞላት ሴቲንግስ ውስጥ ሪከቨሪ ላይ ጎ ባክ ብትል ወደ 10 ይመልሳታል፣ ፋይሏን ሳይነካ። ከአስር ቀን በኋላ ግን የድሮውን ያጸዳዋል። እሱን የመጨረሻ እናድርገው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው እህቴ። መጀመሪያ የዋይፋይ ፓስወርድሽን ወረቀት ላይ ጻፊ፣ ኋላ ሊጠይቅሽ ይችላል። ሁለቱንም ቪፒኤን ከአፕስ ውስጥ አንኢንስቶል አድርጊና ሪስታርት። ቢጫው ካልለቀቀ ዲቫይስ ማኔጀር ላይ ቪው የሚለው ውስጥ ሾው ሂድን ዲቫይስስ በይ፣ ኔትወርክ አዳፕተርስ ስር ታፕ ምናምን የሚል የቪፒኤን የውሸት ካርድ ከተደበቀበት ብቅ ይላል፣ እሱን አጥፊ። ዋን ሚኒፖርት የሚሉ ብዙ ታያለሽ፣ እነሱን እንዳትነኪ የዊንዶውሱ የራሱ ናቸው። ከዛ ኮማንድ ፕሮምፕትን ቀኝ ክሊክ አድርገሽ ራን አዝ አድሚኒስትሬተር ብለሽ ክፈቺና ኤን፣ ኢ፣ ቲ፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ አያይዘሽ ጻፊ፣ አንድ ስፔስ፣ ሰረዝ፣ ዲ፣ ኢንተር። ይሄ የኔትወርኩን ነገር በሙሉ ጠርጎ እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። ማጣሪያው ሳይነቀል ይሄን ብቻ ብታደርጊው ተመልሶ ይመጣል፣ ለዛ ነው መጀመሪያ ቪፒኤኑ የሚወጣው።

የሶስተኛ ዓመቱ
ማክሰኞ ቀን 6፡10

ሰዎች መሃል ገባሁ ይቅርታ የኔም ዋይፋይ ከአፕዴት በኋላ ነው የጠፋው ግን ኡቡንቱ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሲስተም) ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ የምማር ነኝ፣ ላፕቶፔ ሁለቱም አለው ዊንዶውስና ኡቡንቱ፣ ዊንዶውሱ ላይ አሁን ራሱ ይሰራል ኡቡንቱ ስገባ ግን ኖ ዋይፋይ አዳፕተር ፋውንድ ይለኛል፣ ከሳምንት በፊት ዊንዶውሱን ወደ 11 ሳሳድግ ነው የጀመረው ኡቡንቱን ንክች አላደረግኩትም ወላሂ፣ ድራይቨሩን ራሴ ነበርኩ ከኢንተርኔት አውርጄ በዲኬኤምኤስ (ድራይቨሩን እዛው ኮምፒውተሩ ላይ ሰርቶ የሚጭን ፕሮግራም) የጫንኩት ደግሞ አንድ ዓመት ሰርቷል፣ ሪፖርት አለብኝ እባካችሁ

አወያይ
ማክሰኞ ቀን 6፡25

ሌላ ክር ክፈት ልልህ ነበር፣ ግን ነገሩ ዘመዳማ ነው፣ ይቀጥል። ነጥብ የምታስገባበት ግን ሞክር።

ቦርከና ዳር
ማክሰኞ ቀን 7፡02

ጎረቤቴ ነህ እንዴ። ዊንዶውሱን ስታሳድግ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚገባበት ሴቲንግ) ገብተህ የነካኸው ነገር አለ? ሴኪዩር ቡት የምትል?

የሶስተኛ ዓመቱ
ማክሰኞ ቀን 7፡06

አዎ! ኮምፒውተርህ አያሟላም ብሎኝ ሴኪዩር ቡትና ቲፒኤም (የደህንነት ቺፑን) አብራ የሚል ቪዲዮ አይቼ ሁለቱንም አበራኋቸው

ቦርከና ዳር
ማክሰኞ ቀን 7፡20

በቃ እሱ ነው። ሴኪዩር ቡት ሲበራ ከርነሉ (የኡቡንቱ እምብርት) ያልተፈረመ ድራይቨር አያስገባም፣ ያንተ ደግሞ ራስህ የሰራኸው ነው፣ ማን ይፈርምለታል። ተርሚናል ላይ ሞድፕሮብ ብለህ ድራይቨሩን ለማስነሳት ስትሞክር ኪይ ዋዝ ሪጀክትድ ባይ ሰርቪስ ካለህ ማረጋገጫው ነው። ሁለት መንገድ አለህ፣ ወይ ሴኪዩር ቡቱን መልሰህ ማጥፋት፣ ወይ ፊርማህን ማስመዝገብ። ሁለተኛው ይሻላል። ስልክህን በገመድ አገናኝ (ያንተ ይሰራል፣ 56 የለብህም)፣ ሱዶ ብለህ አፕዴት ሴኪዩርቡት ፖሊሲ በሚለው ኮማንድ ላይ ኢንሮል ኪይ ጨምር፣ ጊዜያዊ ፓስወርድ አውጣ ይልሃል፣ ስጠው፣ ሪስታርት።

አሁን ልብ በል። ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ አስር ሰከንድ ነው የሚጠብቅህ። ብዙ ሰው ደንግጦ ኢንተር ይመታል ወይ ዝም ሲለው ያልፈዋል፣ ከዛ ተመልሶ አይመጣም እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ማንኛውንም ቁልፍ ነካ አድርገህ ግባ፣ ኮንቲኒው ቡት የሚለውን ሳይሆን ኢንሮል ሞክ የሚለውን ምረጥ፣ ፓስወርዷን ስጥ፣ ሪቡት። ከዛ በኋላም እምቢ ካለ ዲኬኤምኤሱ ድራይቨሩን እንደ አዲስ ሰርቶ ይፈርመው።

ጋሽ ሬዲዮ
ማክሰኞ ቀን 8፡00

በኛ ጊዜ ሬዲዮ ፊርማ አይጠይቅም ነበር። ቀጥሉ ልጆቼ እያነበብኩ ነው።

የፒያሳዋ ኮፒ ቤት
ማክሰኞ ማታ 1፡15

የዛሬው ውሎዬን ልንገራችሁ።

አንደኛው ቪፒኤን በሰላም ወጣ። ሁለተኛው አንኢንስቶል ስለው ፋይል አጣሁ ብሎ እምቢ፣ ሶስቴ ሞከርኩ። ሪስታርት፣ ቢጫው አለ። እንዳልከኝ የተደበቁትን ሳስወጣ የሱ ታፕ የሚል ካርድ ሁለት ሆኖ ቁጭ ብሏል፣ አጠፋኋቸው። ኮማንዱ ጋ ስደርስ መብራት ሄደ! የላፕቶፔ ባትሪ ሃያ ደቂቃ ነው የሚቆይ፣ ሱቄ ጨለማ፣ ውጪ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን ሸፍኖታል፣ እኔ በስልኬ መብራት የጻፍኩትን ወረቀት እያነበብኩ በአንድ እጄ እመታለሁ። መጀመሪያ አክሰስ ዲናይድ አለኝ፣ ለካ አድሚኒስትሬተር ሳልል ነው የከፈትኩት። ደግሜ ከፈትኩ። ኢንተር ስል መዓት ነገር ተግተልትሎ ወረደ፣ የማላውቃቸው ስሞች፣ ልቤ ቆመ፣ ሁሉን ነገር ያጠፋሁ መስሎኝ። መብራት ሲመጣ ሪስታርት አድርጌ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ጠበቅኩት።

ቢጫው የለም!! ከታች ምልክቱ ተመለሰ። የጎረቤት ዋይፋይ ሁሉ ተደርድሮ መጣ፣ የፋርማሲው፣ የካፌው፣ ሁሉም። የሞተው ካርድ ተነሳ።

ግን ደስታዬ አልሞላም፣ ፓስወርድ አስገብቼ ኮኔክትድ ይላል፣ ድረ ገጽ ግን አንድም አይከፍትም። ስልኬ በዛው ዋይፋይ ይከፍታል። አሁን ምንድነው?

ቦርከና ዳር
ማክሰኞ ማታ 1፡24

አልሀምዱሊላህ፣ ከባዱ አልፏል። ይሄ ቪፒኤኑ ሲወጣ የጣለው ኮተት ይመስለኛል። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ፕሮክሲ። ከታች ማንዋል ፕሮክሲ የሚለው በርቶ 127.0.0.1 የሚል ቁጥር ካለበት አጥፊው። ያ ቁጥር ኮምፒውተሩ ራሱ ማለት ነው፣ ብራውዘሩ ወደሌለ ቪፒኤን እየሄደ በር እያንኳኳ ነው።

የፒያሳዋ ኮፒ ቤት
ማክሰኞ ማታ 1፡31

127.0.0.1 ቁልጭ ብሎ አለ። አጠፋሁት። ተከፈተ!!!!! ቴሌግራሙ ሶስት ቀን የታመቀ መልዕክት እያወረደ ነው፣ መቶ ምናምን ፋይል፣ ኮምፒውተሩ ቲንግ ቲንግ ሲል ጆሮዬን አደነቆረው። ቦርከና ዳር ምን እንደምልህ አላውቅም፣ ክትፎው ሙሉ ነው ግማሽ አይደለም።

አብሽር ብቻ
ማክሰኞ ማታ 1፡40

አላልኩም አብሽሪ! (ሌላ ያልኩትን እርሱት)

የፒያሳዋ ኮፒ ቤት
ረቡዕ ጠዋት 3፡30

ዩኤስቢዋን መለስኩ፣ 950 ብሬን ሰጡኝ፣ መቶ ብር ካልቀነስን ብለው ነበር ካርቶኗን ሳልቀድ ስለመለስኳት ተግባባን። ጥገና ቤቱ ጋ ደግሞ ላፕቶፑን ከፍቼ ዋይፋዩን አሳየሁት። ልጁ አየውና «አንዳንዴ ራሱ ይመለሳል» አለኝ። ምን ይባላል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ ቪፒኤን ዳግም ቢያስፈልገኝ ምን ላድርግ? ልጫን ወይስ ይቅርብኝ?

ቦርከና ዳር
ረቡዕ ቀን 6፡45

ሲያስፈልግሽ አንድ ብቻ ጫኚ፣ ለ11 የወጣውን አዲሱን፣ ትልቅ አፕዴት ሊመጣ ሲል ደግሞ ቀድመሽ አውጪውና ካለፈ በኋላ መልሺው። ሁለት ባንድ ላይ አይሁን። እና የዋይፋዩን ድራይቨር አንድ ኮፒ ፍላሽ ላይ አስቀምጪ፣ ከነዚያ ቫይረስ ከሚያመጡብሽ ፍላሾች ውጪ ማለቴ ነው። ክትፎውን ቅዳሜ ሐረጎን ወጥቼ እበላለሁ፣ ጃኬት ላምጣ? እኛ ቆላ የለመድን ነን።

ጋሽ ሬዲዮ
ረቡዕ ቀን 7፡10

ጃኬትም ጋቢም አምጣ። ካለፍክ ሰኞ ገበያ ጋ ጎራ በል፣ ቡና አለ። ላፕቶፔም አንዳንዴ ይደነዝዛል።

የሶስተኛ ዓመቱ
ረቡዕ ማታ 2፡05

ሰማያዊው ስክሪን መጀመሪያ አመለጠኝ ኢንተር መታሁ እንዳልከው፣ ደግሜ ከመጀመሪያው ሰራሁት በሁለተኛው ኢንሮል ሞክ አልኩ ገባ፣ ዋይፋይ መጣ ኡቡንቱ ላይ፣ አሁን ከሱ ነው የምጽፈው። ነጥብም አስገብቻለሁ አወያይ።

የፒያሳዋ እህቴ ሪፖርቴ 46 ገጽ ነው፣ ዓርብ ቤተሰብ ጋ ደሴ እወጣለሁ፣ ባለ ቀለም ሽፋን ያለው፣ ስንት ነው የምታስከፍይው?

የፒያሳዋ ኮፒ ቤት
ረቡዕ ማታ 2፡20

ጥቁርና ነጩን እንደ ተማሪ አደርግልሃለሁ፣ ሽፋኑ በኔ። በፍላሽ እንዳታመጣው፣ በቴሌግራም ላከው።